ሁለት ቀዳዳ ያላት ቆርቆሮ

ሰባቱንም ሰሌዳ ያቆመው በያጁ ነው። ብረቱን የቆረጠ፣ ማዕዘኑን የበየደ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን በሲሚንቶ የቀበረ እሱ ነው። ሰሌዳው ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን የጠየቀው የለም። የፓርኩ የመጀመሪያ ምሰሶ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ አርጅቷል፤ ለአለቆቹ ግን ከያዘው መዶሻ ብዙም አይለይም። መዶሻ ደግሞ አይጠየቅም፤ ይነሳል፣ ይመታል፣ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

ነገሩን ያመጣችው አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ናት። የፓርኩ ሰው እየሳሳ ሄዶ ነበር። ልጆቹ ማሽኖቹን ጠገቧቸው፤ ወላጆቹ በር ላይ ደርሰው ይመለሳሉ። ሥራ አስኪያጇ ከአንድ ሥልጠና እንደተመለሰች ሠራተኛውን ሰበሰበችና ሰው ለመሽከርከርና ለመጮህ ብቻ አይሰለፍም፣ ታሪክም ይፈልጋል አለች። እያንዳንዱ መጫወቻ ከጀርባው የተደበቀ ታሪክ ይኑረው፣ ታሪኩ በሰሌዳ ተጽፎ ፊት ለፊቱ ይቁም፣ ሰው ከተሳፈረ በኋላም በድምፅ ማጉያ ይነበብለት ተባለ። ለዚህ አንድ የተማረ ወጣት ተቀጠረ። ደብተሩ ከብብቱ ስለማይወርድ ሠራተኛው «ደብተሬ» የሚል ስም አወጣለት፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ደብተሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለዚያ ሁሉ ብረት ዘር ማንዘር ቆጠረለት። ሰው ጭኖ ከፍ እያለ የሚዞረውን ትልቁን ጎማ የሠራው፣ ከከተማው ማዶ ያለችውን የፍቅረኛውን ቤት ከፍ ብሎ ለማየት የቋመጠ ሰዓት ሠሪ ነው አለ። በያጁ ግን ጎማው በሁለት የጭነት መኪና፣ ብሎኑ ጎድሎ እንደመጣ ያውቃል፤ የጎደለውን ብሎን ቀርጾ የሞላው እሱ ነዋ። ዟሪዎቹ ፈረሶች ጦርነት ላይ ያለቁ የአንድ ንጉሥ ፈረሶች መታሰቢያ ሆኑ። ፈረሶቹ ከተዘጋ ሌላ መዝናኛ ተጭነው የመጡ አሮጌዎች ናቸው፤ የሦስተኛው ጅራት እስከ ዛሬ የመጥረጊያ ጭራ ነው። ሰው ግን አመነ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ከንፈሩን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሰለፋል።

ይህን ሁሉ ሲጽፍ ደብተሬ ወደ ወርክሾፑ ብቅ ያለው አንድ ቀን ብቻ ነው። በያጁ ገና ከሩቅ ሲያየው ወንበር ጠርጎ፣ የሥራ መነጽሩን አውልቆ ጠበቀው። የሃያ ሁለት ዓመት ወሬ ነበረው፤ ከየት እንደሚጀምር እንኳ በልቡ አሰናድቷል። ደብተሬ ሜትር ተውሶ ሄደ። ሜትሩንም አልመለሰም።

ሰባተኛው ሰሌዳ የጨለማው ዋሻ ነበር። ዋሻ ይበሉት እንጂ ውስጡ ጥቁር የተቀባ፣ ሐዲድ የተዘረጋበት ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ስድስት ፉርጎዎች ተቀጣጥለው በአንዱ በር ይገባሉ፤ በየመታጠፊያው የአሻንጉሊት ሙት ብቅ እያለ፣ ሰው እየጮኸ፣ በሌላው በር ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት በያጁ የመጨረሻዋን ብሎን አሰረና ሰሌዳው የተሸፈነበትን ላስቲክ ገፈፈው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል፤ ሲያነብ ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ ሰው ፊት አያነብም። ግራ ቀኙን አየና አነበበ።

«ይህ ዋሻ ሲሠራ አንድ ሰካራም ቀቢ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ጠርሙሱን ታቅፎ ሐዲዱ ላይ ተኛ። ፉርጎው በላዩ ላይ ሄደ። እስከ ዛሬ ድረስ በጨለማው ውስጥ ጠርሙሱን ይፈልጋል። ጆሯችሁን ጣል ካደረጋችሁ፣ የጠርሙሱን ድምፅ ቅጭ ሲል ትሰማላችሁ።»

ደግሞ አነበበው። ከዚያ መፍቻውን አነሳና ያሰራትን ብሎን እንደገና ማጥበቅ ያዘ፤ ጥርሷ እስኪበላ ድረስ አጠበቃት።

ቀቢው ታናሽ ወንድሙ ነው።

ወንድሙ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ጨጓራው ሻይ እንኳ የማይችል፣ ሰው ተሰብስቦ ብርጭቆ ሲያጋጭ ውሃ ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሰው ነበር። በሞተ ቀን የሸተተው የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ነው። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ጥቁር ሲቀባ ስለሚውል ቲነሩ ልብሱም ፀጉሩም ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ማታ ቤቱ ሲገባ የሦስት ዓመት ልጁን ካቀፋት ታስነጥሳለች። ሬሳው ከዋሻው በወጣ ጊዜ የዚያን ዘመኑ መሐንዲስ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ጠጥቷል» አለ። የአደጋው ወረቀት ላይም እንደዚያው ተጻፈ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሚስቱን አቅፈው ካለቀሱ በኋላ ውጭ ወጥተው ይንሾካሾኩ ነበር። እሷም የሰካራም ሚስት ሆና ቀረች። ልጁ ትምህርት ቤት ከእኩዮቿ ጋር በተጣላች ቁጥር የምትሰደበው በዚሁ ነው።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። በያጁ ትዳር አልያዘም፤ ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ እናትና ልጅን በራሱ ግቢ፣ ከጓሮ ባሉት ሁለት ክፍሎች አኑሮ ልጅቷን አሳደጋት። «አባባ» ነው የምትለው። ሥራም ያስገባት እሱ ነው፤ የጨለማው ዋሻ በር ላይ ያለችው ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጣ በማይክ ትናገራለች፣ ማብሪያውን ትስባለች። ሥራ በጀመረች ቀን ደጋግሞ ያስተማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከማብሪያው ሳጥን በላይ አሮጌ ምስማር አለ፣ እዚያ ላይ ቆርቆሮ ተሰቅሎ ካየሽ እጅሽን ወደ ማብሪያው እንዳትዘረጊ።

ሕጉ የዋሻው ሠሪዎች ሕግ ነበር። ኤሌክትሪኩ ከበራ ፉርጎው ሰው አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከጣሪያው ትራፊ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ቆርቆሮ ቆርጦ የራሱን ምልክት አደረገባት። ወደ ዋሻው ሲገባ ምስማሩ ላይ ይሰቅላታል፣ ሲወጣ ያነሳታል። አንዲት እንኳ ከተሰቀለች ማብሪያው አይነካም፤ ከባለቤቷ በቀር ደግሞ ማንም አያነሳትም፣ አለቃም ቢሆን። የበያጁ ቆርቆሮ አንድ ቀዳዳ ነበራት፣ የታናሹ ሁለት፤ አንደኛው ልጅና ሁለተኛው ልጅ ብሎ እየሳቀ የበሳቸው ቀቢው ራሱ ነው። ዛሬ በቁልፍ የሚዘጋ ሳጥን መጥቶ ቆርቆሮ የሚሰቅል የለም። በያጁ ግን ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ሕጉን ሳይናገር አያልፍም፤ ወጣቶቹ ከኋላው ይሳሳቁበታል፣ የሽማግሌው ጸሎት ነው ይላሉ።

በምሳ ሰዓት ልጅቷ ወረቀት ይዛ ወርክሾፕ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አባባ፣ ይሄን ከጠዋት ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለችው። «የገባኝ በአምስተኛው ነው። ስለ አባቴ ነው አይደል?»

«ያ ደብተሬ የሚሉት ቀጣፊ ነው የጻፈው።»

«ማን ጻፈው አላልኩህም። ይጠጣ ነበር ወይ ነው የምልህ።»

«በአባትሽ አጥንት! ጠብታ አልቀመሰም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና በጣቷ የመጨረሻውን መስመር አሳየችው። እዚያ ጋ ስትደርስ ሳቂ ተብላለች፤ በማይኩ፣ ረዘም አድርጋ፣ የሙት ሳቅ። አሥራ አንድ ጊዜ ስቃለች።

«ታዲያ ንገራቸዋ» አለች። «ከዚያ ጊዜ ሰው የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። አንተ ካልተናገርክ እኔ ነገም ከነገ ወዲያም በአባቴ ሬሳ ላይ ስስቅ ልኑር?»

እነግራለሁ አላት። ማለ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አልያዘለትም። የተበየደ እየፈታ፣ የተፈታ እየበየደ፣ የደረሰበትን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣው። ፓርኩ በተመረቀ ቀን ልብስህ ቆሻሻ ነው ተብሎ ከአዳራሹ ጀርባ እንዲቆም መደረጉን። የምስጋና ወረቀት ሲታደል የጥበቃው ውሻ እንኳ ሲጨበጨብለት የእሱ ስም መዘለሉን። የጥገና ክፍል ኃላፊነቱ ትናንት መፍቻ መያዝ ላሳየው፣ ዲፕሎማ ለተንጠለጠለበት ልጅ መሰጠቱን። ከሁሉ በላይ መሐንዲሱን። መሐንዲሱ አንድ ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «አንተ መዶሻ» ነበር የሚለው። በያጁ በደል አይረሳም፤ ሆዱ ውስጥ እንደ ምስማር በየቁመቱ ደርድሮ አስቀምጦታል። ሊረሳው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ደግሞ ሌሎቹ ሁሉ ሲወጡ ከሥር ብቅ ይላል።

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሄደ። ክፉ ሴት አይደለችም። ብድግ ብላ ወንበር ሳበችለት፣ «አባቴ» አለችው። እሱም ጨርቁን እንዳያቆሽሽ ጫፉ ላይ ቁጢጥ አለ። ደብተሬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። በያጁ የሰባተኛው ሰሌዳ ታሪክ ውሸት ነው፣ ቀቢው ወንድሜ ነው፣ ጠጥቶ አያውቅም አለ። ሥራ አስኪያጇ ደነገጠች፤ አላወቅንም፣ ይቅርታ አለች። ከዚያ ግን ከመደርደሪያው አንድ የቆየ ፋይል አወጣችና ገልጣ አዞረችለት።

«ደብተሬ የጻፈው ከዚህ ተነስቶ ነው። እዚህ ጋ፣ ምስክር በሚለው ላይ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ አይደለም?»

የእሱ ነው። ፊደሎቹ የአራተኛ ክፍል ፊደሎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች።

«አስፈራርተውኝ ነው» አለ።

«ይሁን። ስህተት ከሆነ ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ። ግን ሰው ይጠይቃል፣ እኔም እጠይቃለሁ። ሰውየው ካልጠጣ፣ ከውስጥ እያለ ማብሪያው እንዴት በራ?»

ደብተሬ ደብተሩን ገለጠ።

በያጁ ፋይሉን በጣቱ ወደ ኋላ ገፋው። ያን ቀን አንድ በአንድ ያውቀዋል። የምረቃው ዋዜማ ነበር። ሁለቱም ወንድማማቾች ቆርቆሯቸውን ሰቅለው ከጠዋት ጀምሮ ዋሻው ውስጥ ናቸው፤ እሱ የሐዲድ መጋጠሚያ ይበይዳል፣ ታናሹ የመጨረሻውን መታጠፊያ ይቀባል። የብየዳው ኤሌክትሮድ አለቀበት። ላመጣ ነው ብሎ ሲጮህ ወንድሙ ከጨለማው ውስጥ «እኔም ጨረስኩ፣ ተከትዬህ ወጣሁ» አለው። በሩ ላይ መሐንዲሱ ከእንግዶች ጋር ቆሟል፤ ሰዓቱን እያየ፣ በእንግዶቹ ፊት፣ አንተ መዶሻ፣ የአንድ ቀን ሥራ ሳምንት ታስቆጥራለህ፣ ሰው አይቼ መቅጠር ነበረብኝ አለው። እንግዶቹ ሳቁ። የበያጁ ፊት እሳት ሆነ። እጁን ወደ ምስማሩ ሰደደ፣ ሳያይ አንዷን ቆርቆሮ መነጨቀና ኮት ኪሱ ውስጥ ከቶ ሄደ።

ኤሌክትሮዱን ይዞ ሲመለስ መሐንዲሱ ማብሪያው ጋ ነበር። ምስማሩ ላይ አንዲት ቆርቆሮ ቀርታለች። «ይቺ የማን ናት?» አለው። በያጁ ቆርቆሮዋን አያት። አንድ ቀዳዳ። የራሱ ናት። በንዴት ሳላነሳት ሄጄ ነው አለ በልቡ፤ የወንድሙ ባለ ሁለት ቀዳዳዋ ደግሞ የለችም፣ ስለዚህ ወንድሙ ወጥቶ፣ አንስቶ፣ እጁን ሊታጠብ ሄዷል። «የኔ ናት፣ እኔ ወጥቻለሁ» አለና አነሳት። ወደ ኪሱ ሲከታት ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ጋር ተጋጨ። ቅጭ አለ። ምን እንደተጋጨ ለመረዳት የወሰደበት ጊዜ መሐንዲሱ ማብሪያውን ለመሳብ ከወሰደበት ትንሽ ይበልጣል።

ከዚያ ወዲያ መሐንዲሱ የጠየቀውን ጥያቄ አላነሳም፤ በያጁም የመለሰውን መልስ አላነሳም። ከመሳቡ በፊት ውስጥ የነበሩትን በስም መጥራት የመሐንዲሱ ግዴታ ነበር፤ አልጠራም። «ጠጥቷል» የምትለው ቃል ሁለቱንም ትሸፍን ነበር። ወረቀቱ ሲቀርብለት በያጁን ያስፈራራው ማንም የለም። ብዕሩን ራሱ ነው የተቀበለው።

«እንዴት በራ፣ አባቴ?» አለች ሥራ አስኪያጇ ደግማ።

መሐንዲሱ ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው።

«መሐንዲሱ ነው» አለ በያጁ። «የወንድሜን ቆርቆሮ መሐንዲሱ ነው ያነሳት።»

ደብተሬ ቀና አለ። ምን ቆርቆሮ አለ። በያጁ ነገረው። የቆርቆሮውን ሕግ፣ ምስማሩን፣ ቀዳዳዎቹን፣ የእንግዶቹን ሳቅ ሁሉ ነገረው፤ እጁን ብቻ ለወጠ። የደብተሬ ብዕር ስትሮጥ እያየ፣ የተማረ ሰው የእሱን አፍ ተከትሎ ሲጽፍ በዕድሜው የመጀመሪያው መሆኑ ትዝ አለው። ጣፈጠው። ያልተጠየቀውንም ጨመረበት፤ መሐንዲሱ ቆርቆሮዋን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ረገጣት አለ። ሲወጣ ደብተሬ እስከ በሩ ሸኘው። ሜትሩንም እመልሳለሁ አለው።

ሐሙስ ዕለት አዲስ ሰሌዳ ወጣ። «የዚህ ዋሻ ቀቢ ጨዋና ትጉ ሰው ነበር» ይላል። «ትዕቢተኛው መሐንዲስ እንግዶቹን ለማስደሰት ቸኩሎ የቀቢውን የሕይወት ምልክት ከምስማር ላይ ነጥሎ በጫማው ረገጠ። የመሐንዲሱ ነፍስ እስከ ዛሬ በጨለማው ውስጥ የረገጣትን ቆርቆሮ እየዳበሰች ትፈልጋለች። ጆሯችሁን ጣል ካደረጋችሁ፣ ቅጭ ስትል ትሰማላችሁ።» በያጁ የድሮውን ሰሌዳ ለማውለቅ ጥርሷ የተበላውን ብሎን በመጋዝ መቁረጥ ነበረበት።

ልጅቷ ሳቁ ቀረላት። ያን ቀን ወርክሾፕ መጥታ ከነጥላሸቱ አቀፈችው። ሰልፉ እስከ ትልቁ ጎማ ደረሰ። ሰው ምስማሩን አሳዩን ይላል፤ አንዳንዱ በያጁን ከሩቅ እያሳየ ወንድምየው ያ ነው ይባባላል። ጥበቃዎቹ ሰላምታ ጨመሩለት። ሁለት ቀን ቀና ብሎ ሄደ። ለነገሩ መሐንዲሱ ምን ቀረበት፣ በሕይወቱ ሁሉን አግኝቶ የሞተ ሰው ነው፤ ለአንድ መዶሻ አንድ ውሸት ቢሸከምለትስ ይል ነበር በልቡ።

ዓርብ ማታ ልጅቷ ነገ እማዬን አመጣታለሁ፣ በጆሮዋ ትስማው አለችው።

የወንድሙ ሚስት ፓርኩን ረግጣ አታውቅም። በዚያ በኩል የሚያልፍ አውቶቡስ እንኳ አትሳፈርም፤ ዞራ ነው የምትሄደው። በያጁ ጉልበቷን ያማታል፣ ፀሐዩ ይጎዳታል፣ ሰው ይበዛል እያለ ሊያስቀራት ሞከረ። እሷ ግን ጓዳ ሆና ሰምታው ነበር። «እመጣለሁ» አለች፣ ከዚያ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጣች። የታጠበ ሻሽ አስራ፣ በልጇ ክንድ ተደግፋ፣ ግራ ቀኝ ሳታይ ዋሻው ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ወደ ጠባቧ ቤት ገባችና ማይኩን ከፈተች። በያጁ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ነበር። የልጅቷ ድምፅ ከማጉያው ወጣ፤ ቀቢው ጨዋና ትጉ ሰው ነበር ስትል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እናትየው እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ፉርጎዎቹ ገቡ። ከውስጥ የሰው ጩኸት ተሰማ።

«ወንድም ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ።

«በለቅሶው በሦስተኛው ቀን ኮትህን ያጠብኩልህ እኔ ነኝ» አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሳ። «ደም ነበረበት። ከመንከሬ በፊት ኪሱን ፈተሽኩ። ሁለቱም ነበሩ።»

እሱም ዓይኑን ወደ ሰሌዳው መለሰ።

«መልሼ እዚያው አስቀመጥኳቸው። ኮቱ ሲደርቅ ከትቼ፣ አጣጥፌ ሰጠሁህ። አንተም ተቀበልከኝ።»

«እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«የሦስት ዓመት ልጅ አዝዬ የት ልሂድ? የምታጎርሰን እጅ ያንተ ነበረች። ሰካራም ይባል፣ ሙት አይሰማም አልኩ። አውቀህ እንዳላደረግከውም አውቃለሁ፤ አንተ እሱን የምታጠፋ ሰው አይደለህም። የጠበቅኩት አፍህን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አፍህን ጠበቅኩ። ልጅቷ ሐሙስ መጥታ አባባ እውነቱን ተናገረ ስትለኝ፣ በዚህ ጉልበቴ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ፉርጎዎቹ በሌላው በር ወጡ። ሰው እየሳቀ ወረደ።

«መሐንዲሱ ከመሞቱ በፊት ቤት መጥቶ ነበር» አለች። «አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። ግባ ብለው አልገባም፤ ደጃፌ ላይ ቆሞ፣ ጠጥቷል ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ ስም ሳልጠራ ነው ያበራሁት፣ ይቅር በይኝ አለኝ። ያንተን ስም እስኪያነሳ ጠበቅኩ። አላነሳም።» ሻሿን አስተካከለች። «ሰውየው እንኳ አላነሳህም።»

በያጁ ተነሳ። ወደ ወርክሾፑ ሄደና ከጠረጴዛው ሥር የአሮጌ ኤሌክትሮድ ጣሳ አወጣ። ከታች፣ ከዘይት ጨርቁ ውስጥ፣ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ነበሩ። ሲመለስ አዲስ ሰው ተሳፍሮ፣ የፉርጎዎቹ መያዣ ተዘግቶ፣ ልጅቷ ወደ ማይኩ እያጎነበሰች ነበር። ወደ ጠባቧ ቤት ገባና በምስማሩ ላይ ሁለቱንም ሰቀላቸው።

«አባባ፣ ምን ነካህ? ሰው ተሳፍሯል እኮ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው። ማይኩን ዘጋች።

በሩ ላይ ቆሞ ነገራት። የትኛዋ የአባቷ እንደሆነች፣ እጁን ሳያይ እንደሰደደ፣ ይቺ የማን ናት ሲባል ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ወረቀቱ ላይ ማን እንደፈረመ፣ ለደብተሬ ምን ብሎ እንዳስጻፈ። አላስረዘመውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያስጨነቀው ነገር ሲነገር ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ከፉርጎው ላይ አንዱ አባወራ እንሂድ እንጂ፣ ልጁ ሽንቱ ሊመጣ ነው እያለ ይቀልዳል።

ልጅቷ አላለቀሰችም። በመስኮቷ ወደ አግዳሚው ወንበር አየች፤ እናቷ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ አዎ ማለቷ ነው። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ባለ ሁለት ቀዳዳዋን ከምስማሩ ላይ አነሳች። ባለቤቷ የለም። ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት፣ ኪሱንም ዘጋች። ማይኩን ከፈተች። ወረቀቱን አላነሳችም።

«ይህን ዋሻ የቀባው ሰው አይጠጣም ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «መሐንዲሱ ቆርቆሮውን አልረገጠም። ከምስማሩ ላይ ያነሳት ታላቅ ወንድሙ ነው። ከዚያም ሰክሮ ነው ብሎ ፈረመበት። ወንድምየው እስከ ዛሬ እዚሁ ግቢ ይሠራል።»

 ከዚያ ከኋለኛው ፉርጎ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። አንዲት ሴት ይሄኛው ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈራል አለች ለጓደኛዋ። ከሰልፉ ዳር ደብተሬ በአንድ እጁ የበያጁን ሜትር ይዞ ቆሟል፤ ሊመልስ ነበር የመጣው። ሜትሩን ኪሱ ከተተና ደብተሩን ከብብቱ አወጣ።

ልጅቷ እጇን ማብሪያው ላይ አድርጋ ቆመች። ምስማሩ ላይ ባለ አንድ ቀዳዳዋ ቀርታለች። በያጁን አላየችውም።

«ቆርቆሮዎን ያንሱ» አለችው። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

አነሳት። ወደ ኪሱ ከተታት፤ የምትጋጨው ነገር አልነበረም። ልጅቷ ማብሪያውን ሳበችው፣ ፉርጎዎቹም ወደ ጨለማው ገቡ።